በልጄ ምዬ የተውኩት ሲጋራ

ሲጋራ ያቆምኩት በልጄ ምዬ ነው። ሰው በእናቱ ይምላል፣ በታቦት ይምላል፣ በያዘው እንጀራ ይምላል። እኔ በዘጠኝ ዓመት ልጄ ማልኩ። አዳማ፣ ቤታችን ውስጥ፣ ምሳ ቀርቦ ሳለ «ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሲጋራ ብለኩስ ልጄን አያሳየኝ» አልኩ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ነበረች፤ የሰማችኝ እናቷ ብቻ ናት። ባለቤቴ የጠቀለለችውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

«በእሷ አትማል» አለችኝ። «ከፈለግክ በራስህ ማል። ልጅ መያዣ አይደረግም።»

እኔ ግትር ነኝ። አትንካ ያሉኝን ካልነካሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። «ካልከበደ ምኑን መሐላ ሆነ?» አልኳትና ደግሜ ማልኩ። እሷም ምሳዋን ትታ ተነሳች።

ለመማል ያበቃኝ ሥራዬ ነው። የመኪና ራዲያተር እጠግናለሁ። ከጅቡቲ የሚመጡ ከባድ መኪኖች የቆላውን ሙቀት አቋርጠው አዳማ ሲደርሱ፣ ከመካከላቸው አንዱ ውሃ እያንጠባጠበ ወደ እኔ መምጣቱ አይቀርም። ራዲያተሩን አወርድና አንዱን አፉን እደፍናለሁ፤ ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ ነክሬ በሌላው አፉ በጎማ ቱቦ እነፋበታለሁ። ውሃው አረፋ ባወጣበት በኩል ቀዳዳው አለ ማለት ነው። ጎረቤቶቼ ይህን በኮምፕረሰር ነው የሚሠሩት። እኔ የተማርኩት በአፍ ነው፤ መርፌ የማታስገባ ቀዳዳ ብትኖር እንኳ ጉንጬ ያውቃታል። በዚህ እኩራራ ነበር። አርባን ካለፍኩ በኋላ ግን የአንድ ከባድ መኪና ራዲያተር ነፍቼ ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ማረፍ ጀመርኩ። አንድ ቀን አንድ ሾፌር ከጎኔ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና «የሚያፈሰው ራዲያተሩ አይደለም፣ ያንተ ሳንባ ነው» አለኝ። አብረን ሳቅን። እሱ ከሄደ በኋላ የበርሜሉን ጠርዝ ተደግፌ ትንፋሼ እስኪመለስ ስጠብቅ ሳቁ ጠፋኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ገብቼ የማልኩት የዚያኑ ቀን ነው።

መሐላው ሠራ። ሱሱ ሲነሳብኝ እጄ ባዶ ኪሴን ይዳብሳል፤ ያኔ የልጄ ፊት ይመጣብኛል፤ እጄን አወጣለሁ። ከደንበኛ ጋር ተጣላሁ፣ ጨው በዛ ብዬ ከባለቤቴ ጋር ተጣላሁ፣ ራሴ ያስቀመጥኩት መዶሻ ጠፍቶኝ ከራሴ ጋር ተጣላሁ። ግን አላጨስኩም። ሲጋራ የሚያቀርብልኝን ሁሉ «በልጄ ምያለሁ» ስለው እጁን ይሰበስባል፤ ሁለተኛ አይጠይቀኝም። ነገሩን ያልወደዱልኝ ከጎኔ ጎማ የሚጠግኑት አዛውንት ብቻ ናቸው። ሲጠሩኝ «ኢልማ ኮ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ኢልማ ኮ፣ መተውህ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ሸክሙን ግን ማንን ነው ያሸከምከው?»

«ራሴን ነው አባባ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ጎማቸው ተመለሱ።

ሁለት ወር ሊሞላኝ አምስት ቀን ሲቀረው ያሳደገኝ አጎቴ ሁሩታ ላይ አረፈ። ስንዴና ገብስ ሲያርስ የኖረ ሰው ነው፤ የገደለውም ሳንባው ነው። የመጨረሻ ወራቱን መተኛት አቅቶት ትራስ ደራርቦ ተቀምጦ ነበር የሚያድረው፤ ያም ሆኖ ሲጋራ እየለመነ ያጨስ ነበር። ቀበርነው። በማግስቱ የእድሩ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ የአጎቴ የበኩር ልጅ በዓይኑ ጠቀሰኝ፤ ተከትዬው ከጎተራው ጀርባ ሄድኩ። እዚያ አራት አምስት ወንዶች ቆመው ያጨሳሉ። ሟቹን የገደለውን ነገር በሟቹ ኀዘን ያጨሱታል። የአጎቴ ልጅ አንድ ሲጋራ በራሱ አፍ ለኮሰና አቀበለኝ።

ለኩሰው የሰጡህን መመለስ ነውር ነው። ስንት ዓመት እንዲህ ስንቀባበል ኖረናል። ደግሞም ትናንት አባቱን የቀበረ ሰው ነው፤ እሱ ፊት ቆሜ በልጄ ነፍስ መማሌን ማንሳት ከበደኝ። ይህ ሁሉ ሰበብ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ብቻ ተቀበልኩት። የመጀመሪያው ጭስ ጉሮሮዬን ፋቀኝ፤ ሁለተኛው ጣመኝ። መደበቅ አልችልም፣ ጣመኝ። እስከ መጨረሻው አጨስኩት። ቁራጩን በጫማዬ ስረግጠው ነው የልጄ ፊት የመጣብኝ። ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርስልኝ የነበረው ፊት ያን ቀን ዘገየ።

ወደ መንገዱ ወጥቼ ቤት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጄ ራሷ ናት።

«አባዬ፣ ለቅሶው አለቀ?» አለችኝ። አፏ በምግብ ሞልቷል። ምን እየበላች እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ፓስታ» አለች።

ፓስታ እየበላች ነው፤ ምንም አልሆነችም። ከዚያ በኋላ ያሰብኩትን ነገር ዛሬም ሳስታውሰው አፍራለሁ። ልጄ ደህና ናት፣ መሐላው ግን ፈርሷል አልኩ። አንዴ የፈረሰ መሐላ ደግሞ በአንድ ሲጋራም ይፍረስ በአንድ ፓኬት ልዩነት የለውም። በጾም ወተት የቀመሰ ሰው «ከገደፍኩ አይቀር» ብሎ ሥጋ ቤት እንደሚገባው ነው የሆንኩት። አዳማ እንደገባሁ፣ ገና ከመናኸሪያው ሳልርቅ፣ ከአንድ ሱቅ በደረቴ ነጠላ ሲጋራ ገዛሁ።

አራት ቀን እንዲህ ሆንኩ። ከሥራ ቦታዬ ጀርባ ገብቼ አጨሳለሁ፤ ከዚያ እጄን በቤንዚን እታጠባለሁ፣ ማስቲካ አኝካለሁ፣ ሸሚዜን አራግፋለሁ። በየቀኑ «ነገ እንደገና እምላለሁ» እላለሁ። በማን እንደምምል እንኳ አላመነታሁም፤ ያው በእሷ ነው፣ አሁን ጠንከር አድርጌ። በሦስተኛው ቀን አዛውንቱ ከጀርባ መጡብኝ። ሲጋራውን እንደ ተማሪ እግሬ ሥር ጣልኩት።

«ወደቅክ?» አሉኝ።

«ወደቅኩ አባባ። መሐላው ፈርሷል፤ እንግዲህ ምን ቀረኝ?»

«መሐላው ስለፈረሰ ሲጋራው ጥሩ ሆነ እንዴ?» አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁ ሄዱ። እኔም ተናደድኩባቸው፤ ሌላ ሲጋራ ለኮስኩ።

ሁሩታ ካጨስኩ በስድስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ባለቤቴ ደወለች። ልጅቷ ክፍል ውስጥ ስትንቀጠቀጥ አይተው ከትምህርት ቤት ደውለውላታል፤ ወደ ጤና ጣቢያ እየወሰደቻት ነው። ስልኩን ያነሳሁት በግራ እጄ ነው፤ ቀኜ ሲጋራ ይዞ ነበር። በርሜሉ ውስጥ ጣልኩት። በሬን ሳልዘጋ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። እስክደርስ ድረስ «በእኔ አድርገው፣ በእኔ አድርገው» ስል ነበር፤ ባለ ባጃጁ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየኝ።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘኋቸው። ልጄ ዓይኗን ጨፍና እናቷ ጭን ላይ ጋደም ብላለች። እግሯን ስነካው ይፋጃል። ከጣቷ ደም ተወስዶ ውጤት እየጠበቁ ነው። ከአጠገባቸው ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ፊት ለፊቷ ያለውን ግድግዳ እያየች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ በቀስታ ጠየቀችኝ።

«አጭሰሃል?»

«አላጨስኩም።»

«በእሷ ማልልኝ።»

በእሷ አትማል ብላ ጉርሻዋን የመለሰችው ሴት ናት ይህን ያለችኝ። አሁን ግን እናት ናት፣ ፈርታለች፤ ልጇን የሚያተርፍላት መስሏት ያንኑ መሐላ ከእኔ ትለምናለች። አፌን ከፈትኩ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፣ ልቧ ያርፍ ነበር። ቃሉ አልወጣልኝም። ዝም ማለቴን ሰማችው። አልጮኸችብኝም። የልጅቷን እግር ከእኔ በኩል አነሳችና በወዲያኛው ጎኗ አስተኛቻት። በሕይወቴ ብዙ ሰው ሰድቦኛል፤ እንደዚያ ግን ተሰድቤ አላውቅም።

ያየቻት ነርስ ወጣት ናት። «ወባ ነው» አለችን። ሰሞኑን ከከተማ ወጥታ እንደነበር ጠየቀችን። ባለቤቴ፣ ካለፈው እሑድ በፊት በነበረው እሑድ ወንጂ እህቷ ዘንድ ሄደው እንዳደሩ ነገረቻት። የእህቷ ባል የስኳር እርሻው ሠራተኛ ነው፤ ቤታቸው የመስኖው ቦይ አጠገብ ነው።

«እዚያ ይሆናል» አለች ነርሷ። «ትንኟ ከነከሰች በኋላ ትኩሳቱ እስኪመጣ አንድ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይቆያል። በጊዜ ነው ያመጣችኋት፤ መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ትውሰድ።»

በልቤ ቀናቱን ቆጠርኩ። እኔ ሁሩታ ላይ ሳጨስ ልጄ ተነክሳ ነበር። ትንኟ ቀድማኛለች። ሳቅ ሳቅ አለኝ። የጣላት የእኔ ሲጋራ አይደለም፤ መሐላዬም አይደለም። ባለቤቴ መድኃኒቱን ይዛ ስትመለስ ልጅቷን አስረከብኳትና «ስልክ ልደውል» ብዬ ወጣሁ። የወጣሁት ግን ሲጋራ ልገዛ ነው። የጤና ጣቢያውን አጥር ተደግፌ አጨስኩት። ማንም እንደማይሞትብኝ አውቄ ያጨስኩት የመጀመሪያው ነው። ሁለት ወር ሙሉ የያዘኝ ፍርሃት ነበር፤ ፍርሃቱ ሲነሳ ከሥሩ ሌላ የሚይዘኝ ነገር አላስቀመጥኩም። ስመለስ ባለቤቴ ሽታውን አወቀችው። ባጃጅ ውስጥ ልጅቷን በመካከላችን አስቀመጠቻት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አላነጋገረችኝም።

ልጄ በሦስተኛው ቀን ተነሳች። ከሥራ ስመለስ የግቢው በር ላይ ትጠብቀኝ ጀመር። ትጠመጠምብኛለች፤ ፊቷን ሸሚዜ ውስጥ ትቀብራለች፤ መዳፌን ይዛ አፍንጫዋ ላይ ታደርገዋለች። ሕመም ልጅን ሆደ ባሻ ያደርጋል ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ባለቤቴ ፊቷን ባዞረችብኝ ሰሞን የሚያቅፈኝ አንድ ሰው መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ግን በየቀኑ ሁለት ሦስት ማጨሴን አልተውኩም፤ በቤንዚኑና በማስቲካው ተማምኛለሁ።

በር ላይ መጠበቅ በጀመረች በአራተኛው ቀን ነገሩን አየሁት። መዳፌን አሸተተችና ለቀቀችው። ከዚያ የራሷን እጅ አንስታ ግንባሯ ላይ አደረገችው።

«ምነው፣ አመመሽ?» አልኳት።

«አላመመኝም። ትኩሳቱ ተመልሶ እንደሆነ ነው።»

«ለምን ይመለሳል?»

«አጭሰሃላ» አለችኝ።

ስትናገር አልተቆጣችም፤ ውጭ ዝናብ ጀምሯል እንደምትለኝ ሁሉ ነበር ያለችኝ። ያ ሁሉ መጠምጠም ፍተሻ ነበር። በየቀኑ በር ላይ ቆማ፣ ዛሬ ትሞት እንደሆነ ከሸሚዜ ላይ ታነባለች። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ከጎኔ አስቀመጥኳት።

«ማን ነገረሽ?»

«ጤና ጣቢያ እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር» አለች። «እማዬ በእኔ ማልልኝ ስትልህ ዝም አልክ። በኋላ እማዬን ጠየቅኳት፤ አልቅሳ ነገረችኝ።»

ስለ ትንኟ ነገርኳት። ስለ ወንጂ፣ ስለ ቦዩ፣ ነርሷ ስላለችው ቀን፣ እኔ ሳላጨስ በፊት እንደተነከሰች። አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። «እሺ» አለችኝ። ያችን እሺ አውቃታለሁ፤ ትልቅ ሰው ላለመቃወም የምትላት እሺ ናት።

«መሐላውን ካንቺ ላይ አንስቻለሁ» አልኳት። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ባጨስም ባላጨስም አንቺ ጋ አይደርስም። ድሮም አይደርስም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አሁን በማን ትምላለህ?»

«በማንም አልምልም።»

«ታዲያ ብታጨስ ማን ይሞታል?»

ማንም አይሞትም ልላት ነበር። የአጎቴ ትራሶች ትዝ አሉኝ። «እኔ» አልኳት።

«መጀመሪያውኑ ለምን በራስህ አልማልክም?»

ለራሴ እንደማልሳሳ፣ በራሴ ብምል በማግስቱ እንደማፈርሰው አውቄ በእሷ መማሌን ለአንዲት ሕፃን እንዴት ብዬ ልንገራት? እናቷ ለካ በሩ ላይ ቆማ ትሰማናለች። «እኔም ይኸንኑ ነበር ያልኩት» አለች። ከስንት ቀን በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ራዲያተር ከፊቴ ነበር። በሥራችን ከራዲያተሩ ውስጥ ቱቦዎች አንዲቷ መጠገን ከማይቻልበት ደረጃ ከደረሰች ሁለቱን ጫፏን ደፍነን በቀሩት ቱቦዎች እናስኬደዋለን። መኪናው ይሄዳል። አንዲት ቱቦ ተበላሸች ብሎ ራዲያተሩን የሚጥል ሾፌር ቢመጣ እስቅበት ነበር። እኔ ግን በአንዲት የሁሩታ ሲጋራ ሃምሳ አምስት ቀኔን ሁሉ ጥዬዋለሁ። ራዲያተሩን ትቼ ወደ አዛውንቱ ሄድኩና ከዛሬ ጀምሮ እንደማላጨስ ነገርኳቸው።

«በማን ማልክ?» አሉኝ።

«አልማልኩም።»

«ጎሽ» አሉ።

ያለ መሐላ መተው በመሐላ ከመተው ይከብዳል። ሲያምረኝ ቀድሞ የሚደርስ ፊት የለም፤ በየሰዓቱ ራሴን ማሳመን አለብኝ፣ እኔ ደግሞ በቀላሉ የምታመን ሰው አይደለሁም። ሱቅ በደረቴውን ወደ እኔ እንዳይመጣ ለመንኩት። ለአጎቴ ልጅ ደውዬ ለኩሶ እንዳይሰጠኝ ነገርኩት፤ ትንሽ ተቀየመኝ። ወር ከሞላኝ በኋላ የተበላሸ መኪና ልጠግን ሻሸመኔ ተጠርቼ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውለን ሞተሩ ሲነሳ ሾፌሩ በደስታ ለኩሶ አቀበለኝ። ሁለት ጊዜ ሳብኩ። በሦስተኛው መለስኩለት፤ እሱም ግራ ተጋባ።

እስከ አዳማ ድረስ መስኮት እያየሁ ተጓዝኩ። «ከገደፍኩ አይቀር» የምትለዋ ነገር መጣችብኝ፤ ከዝዋይ እስከ ሞጆ ስታባብለኝ ቆየች። የግቢያችን በር ላይ ስደርስ ልጄ ቆማለች። ሳታሸተኝ በፊት «ዛሬ ሻሸመኔ ላይ ሁለት ጊዜ ስቤያለሁ» አልኳት። እጇ ወደ ግንባሯ ሄደ። እዚያ ቆየ።

«ነገስ?» አለች እናቷ ከውስጥ።

«ነገ አላጨስም» አልኩ። በማግስቱ አላጨስኩም። በሚቀጥለውም ቀን አላጨስኩም።

ያለ መሐላ መተው ከጀመርኩ ይኸው ስምንት ወር ሊሆነኝ ነው። የከባድ መኪና ራዲያተር አንድ ጊዜ ብቻ አርፌ እጨርሳለሁ። ባለቤቴ ሸሚዜን ስታጥብ ኪሱን መፈተሽ ትታለች፤ እኔም እጄን በውሃና በሳሙና ብቻ ነው የምታጠበው። ልጄ ግን ዛሬም በር ላይ ትጠብቀኛለች። አታሸተኝም አሁን፤ ትስመኝና ቦርሳዬን ትቀበለኛለች። ወደ ቤት ስትገባ ግን ከኋላዋ ሆኜ አያታለሁ። ያየኋት ሳይመስላት፣ ቀስ ብላ፣ ግንባሯን ትነካለች።